በእጅ ያደገ ልጅ

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ ልጅ እጅ ነው። ልጁ ፒፕ ይባላል። ቻርልስ ዲክንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» በሚለው ልቦለዱ የፈጠረው ወላጅ አልባ ልጅ ነው። መጽሐፉን ገና ያላነበባችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ይቅርታ፤ መጨረሻውን እናገራለሁ። ሳልናገር የማወራው ነገር አይኖረኝም።

ስለ ርዕሱ አንድ ነገር ልበል። «ታላቅ ተስፋዎች» ተብሎ ሲጠራ እሰማለሁ። ስሕተት አይደለም፤ ግን ነገሩን ያሳምረዋል። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አንድ ወጣት «ኤክስፔክቴሽንስ አለው» ሲባል ልቡ በተስፋ ተሞልቷል ማለት አልነበረም። የሚወርሰው ሀብት አለ፣ እሱን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። በእኛ አነጋገር እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ይቺን «እጁን አጣጥፎ» የምትል ነገር ያዙልኝ። አማርኛችን በእጅ የማይለው ነገር የለም። እጅ እንነሳለን፣ እጅ እንሰጣለን፣ እጅ ያጥረናል፣ ሙያተኛውን ባለእጅ እንላለን። ይህን መጽሐፍ በአማርኛ ጆሮ ማንበብ የሚጥመኝ ለዚህ ነው። ዲክንስ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ነው የሰፋው።

ከደራሲው እጅ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1824 አባቱ ጆን ዲክንስ በዕዳ ተይዞ ለንደን ውስጥ ማርሻልሲ የሚባል እስር ቤት ገባ። በዚያው ሰሞን የ12 ዓመቱ ቻርልስ ቴምዝ ወንዝ ዳር አይጥ የሚርመሰመስበት የጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጠረ። ሥራው ይህ ነበር፦ የቀለሙን ዕቃ አፍ በወረቀት መሸፈን፣ በሲባጎ ማሰር፣ የወረቀቱን ጠርዝ በመቀስ ዙሪያውን ማስተካከል፣ ከዚያ የፋብሪካው ስም ያለበትን ወረቀት መለጠፍ። ቀኑን ሙሉ። ፋብሪካው ሌላ ቦታ ሲዛወር ደግሞ ልጆቹን መስኮት አጠገብ አስቀመጧቸው፤ መንገደኛ ቆሞ ያያቸው ነበር። ዲክንስ ስሙ የገነነ ደራሲ ከሆነ በኋላ እንኳ ይህን ነገር በአደባባይ አልተናገረም። አንባቢው የሰማው ወዳጁ ጆን ፎርስተር እሱ ከሞተ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው። እና በእጁ ስለሚያፍር ልጅ ሲጽፍ ከሰው ሰምቶ አልነበረም።

ልቦለዱ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1860 ነው፤ እሱ ራሱ በሚያዘጋጀው «ኦል ዘ ይር ራውንድ» በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ። አጀማመሩ የገበያ ጉዳይም ነበረበት። መጽሔቱ ላይ በተከታታይ ይወጣ የነበረው የሌላ ሰው ልቦለድ አንባቢ አልወደደውም፣ ሽያጩ ወረደ፣ ዲክንስ ራሱ ገባበት። እስከ 1861 ኦገስት ድረስ ሰው በየሳምንቱ እየጠበቀ አነበበው። ልክ እኛ ተከታታይ ድራማ እንደምንጠብቀው።

ታሪኩ የሚከፈተው በገና ዋዜማ ነው፤ ከረግረግ አጠገብ ባለ መቃብር ቦታ። ፒፕ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። አባትና እናቱን አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው የመቃብር ድንጋያቸውን ነው። የአባቱን መልክ የሚገምተው ድንጋዩ ላይ ከተቀረጹት ፊደሎች ቅርጽ ነው። እዚያው ቆሞ ሲያለቅስ እግር ብረት ያለበት ሰው ከመቃብሮቹ መሃል ብድግ ይልና አገጩን ይይዘዋል። ሞረድና የሚበላ ነገር ካላመጣህ ልብና ጉበትህ ይወጣል ይለዋል። ሰውዬው ማግዊች ነው፤ ከእስር መርከብ ያመለጠ። ልጁ ከእህቱ ጓዳ ምግብ፣ ከአማቹ የብረት መቀጥቀጫ ቤት ሞረድ ሰርቆ ይወስድለታል። ይህችን ሌብነት አትርሷት። ሙሉው መጽሐፍ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው።

ፒፕን ያሳደገችው በሃያ ዓመት ያህል የምትበልጠው እህቱ ናት። መንደርተኛው «በእጇ ያሳደገችው» እያለ ያመሰግናታል። በእንግሊዝኛው ያ አባባል ጡት ሳይጠባ በሰው እጅ እየተመገበ ያደገ ልጅ ማለት ነው። ፒፕ ግን የሚያውቀው የእጇን ክብደት ነው። እሱንም ባሏንም ትማታለች፤ አለንጋዋ ራሱ ስም አለው። ስለዚህ ልጁ ምን ብሎ ይደመድማል? እኔም ጆም በእጅ ነው ያደግነው።

ጆ ጋርጀሪ የእህቱ ባል ነው። ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ግዙፍ፣ የዋህ፣ ከራሱ ስም በቀር ፊደል ቢያሳዩት የማይለይ። ዲክንስ ስለ ጆ እጅ ሲናገር ሰውን ሊያደቅ የሚችል፣ የእንቁላል ቅርፊት ግን ሳይሰብር የሚነካ መዶሻ ይለዋል። የልጁ ብቸኛ ወዳጅ ይህ ሰው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ገጽ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ፒፕን ሚስ ሃቪሻም የምትባል ሀብታም ሴት ቤት ይወስዱታል፤ እንዲጫወትላት። ስለ ሚስ ሃቪሻም ብዙ አላወራም። ፊልም ሠሪዎች በቂ አውርተዋል። በሠርጓ ቀን ተከድታ፣ ሰዓቶቿን ሁሉ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ለ9 ሰዓት 20 ደቂቃ ጉዳይ ላይ አቁማ፣ ያን ቬሎ እንደለበሰች፣ አንድ እግር ጫማዋን ብቻ አድርጋ የኖረች ሴት ናት። የሠርጉ ኬክ ጠረጴዛው ላይ የሸረሪት ድር ለብሷል። ይረሳል እንዴ? አይረሳም። ግን መጽሐፉን የሚያንቀሳቅሰው ከኬኩ ይልቅ የማደጎ ልጇ ኤስቴላ ናት።

ኤስቴላና ፒፕ ካርታ ይጫወታሉ። ልጅቷ ትስቃለች። የካርታውን ስም እንኳ በወጉ አይጠራም ትላለች። እጁ እንዴት ሻካራ ነው! ጫማውስ እንዴት ወፍራም ነው! በዛሬ አፍ ብትናገረው ኖሮ በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር፦ ፋራ።

ልጁ ያኔ አላለቀሰም። ግቢ ውስጥ ብቻውን ሲቀር እጁን አውጥቶ አየው። እስከዚያች ቀን ድረስ ያ እጅ አስጨንቆት አያውቅም ነበር። ያ ነው የሚያመኝ። እጁ ያው እጅ ነው፤ ጠዋት ሲወጣ የነበረው። የተለወጠው አይቶት የማያውቀውን ነገር ማየቱ ነው። ወዲያው ደግሞ ጥፋተኛ ፈለገ፤ ያገኘው ጆን ነው። ጆ ለምን እንዲህ አድርጎ አስተማረኝ? ምናለ ጆ ራሱ በደንብ አድጎ ቢሆን?

እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ከእንግሊዙ አንባቢ ቀድሞ የሚገባው ነገር አለ። ብረት ቀጥቃጭ መናቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። ማረሻውንም ማጭዱንም ከእጁ ተቀብለን ቡዳ ስንለው የኖርነው ሰው ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። ልዩነቱ ግን አለ። የጆ መንደር ጆን ያከብረዋል። የናቀው በአንድ ከሰዓት በኋላ የተማረ፣ የገዛ ቤቱ ልጅ ነው።

ዓመታት ያልፋሉ። ፒፕ ከጆ ጋር ሙያ ሲለምድ ሳለ ጃገርስ የሚባል የለንደን ጠበቃ ይመጣል። ስሙ እንዳይነገር የፈለገ ሰው ለዚህ ልጅ ሀብት አውርሷል፣ ጨዋ ሰው ሆኖ እንዲኖር ይፈልጋል ይላል። ለጆ ሠራተኛ ስለሚያጣ ካሣ ይከፈለው ሲባል ጆ ይቆጣል። ለልጁ ገንዘብ መቀበል? ፒፕ ደግሞ ሰጪዋ ሚስ ሃቪሻም ናት ብሎ በልቡ ወስኗል። ለኤስቴላ ልታጨኝ ነው!

በዚህ መሃል የምታስቀኝ ሰው ፓምብልቹክ ነው፤ የጆ አጎት፣ የእህል ነጋዴ። ልጁ ድሃ ሳለ በየማዕዱ በሒሳብ ጥያቄ ያፋጥጠው ነበር። ሀብቱ እንደተሰማ ተለወጠ። «ይፈቀድልኛል?» ይልና እጁን ይጨብጣል። ሁለት ቃል ተናግሮ እንደገና «ይፈቀድልኛል?» እንደገና ጭበጣ። ዓመታት አልፈው ፒፕ ሀብቱን አጥቶ ሲመለስስ? ያው እጅ ይዘረጋለታል፤ ግን አሁን በይቅርታ አድራጊ ኩራት። እንዲህ ያለ ሰው በየሠርጉ አለ። ስሙን አልጠራም።

አሁን ወደምወደው ምዕራፍ ደርሻለሁ። ጆ ፒፕን ሊጠይቅ ለንደን ይመጣል። ፒፕ ደስ አላለውም። እንዲያውም ገንዘብ ከፍሎ ማስቀረት ቢችል ኖሮ እከፍል ነበር ብሎ ራሱ ያምናል። (ታሪኩን የሚነግረን ጎልማሳው ፒፕ ነው፤ ራሱን አይምርም።) ጆ የክት ልብሱን ለብሶ ይገባል። ባርኔጣውን የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት የምድጃው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ያኖረዋል፤ ይወድቃል፤ ያነሳዋል፤ ይወድቃል። ልጅ ይዞ የሚያጫውት ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል አለች። ጆ ፒፕን «ሰር» ይለዋል። አንዴ «ፒፕ» ይልና፣ ደንግጦ «ሰር»።

እንግሊዝኛው ይህን የሚለው በተቀጥላ ቃል ነው። አማርኛው ግን ግሱን ሁሉ ይዞ ይዞራል። አስቡት። «አንተ ወዳጄ፣ አብረን ዳቦ የተካፈልን» ሲል የኖረ ሰው፣ «አንቱ፣ እንዴት ሰነበቱ» ሲል። ከአንተ ወደ አንቱ የአንዲት ፊደል ለውጥ ነው፤ ተ ቱ ሆነች። ያሳደገህ ሰው አንቱ ካለህ ግን ቤት የለህም። መጽሐፉን አንድ ቀን ሙሉውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ካለ እዚህ ገጽ ላይ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ጉልበት ያገኛል ባይ ነኝ።

ሲሰናበት ጆ ራሱን ያገኛል። ሕይወት የተበየደ መለያየት ናት ይለዋል፤ የብረት ሠሪ አነጋገር። አንዱ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ አንዱ ወርቅ አንጥረኛ ነው፣ አንዱ መዳብ ሠሪ፤ መለያየት አይቀርም። እኔ በዚህ ልብስ አላምርም። በሥራ ልብሴ፣ መዶሻዬን በእጄ ይዤ አስበኝ፤ ያኔ ግማሹን ያህል እንኳ ጉድለት አታገኝብኝም። ግንባሩን ዳሰስ አድርጎት ወጣ። ፒፕ ተከትሎት ሲሮጥ አጣው።

ይህን ሳነብ አጎቴ ይመጣብኛል። ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የረሳሁትን ደብተር ይዞልኝ ትምህርት ቤት በር ላይ መጣ፤ በሥራ ቱታው። እጁ ግሪስ ስለነበር ለሰላምታ አንጓውን ሰጠኝ። እንደሱ ነው የሚደረገው፤ እጅ ሲቆሽሽ አንጓ ይሰጣል። እኔ በሁለት ጣቴ ነካ አድርጌ ደብተሬን ተቀበልኩ። ጓደኞቼ ማነው ሲሉኝ «የሰፈራችን ሰውዬ ነው» አልኩ። ሰምቶኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እሱም አላነሳውም።

ወደ ፒፕ ልመለስ። ዕድሜው 23 ነው። ዝናብና ነፋስ ባለበት ሌሊት አንድ በፀሐይ የጠቆረ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ይገባል። ሁለት እጁን ዘርግቶ። ፒፕ ማን እንደሆነ ሲገባው ቤቱ ይዞርበታል። የመቃብሩ ሰውዬ፣ ማግዊች። ተይዞ ወደ አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ዕድሜ ልክ ተግዞ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ከ160 ሺህ በላይ እስረኞችን ወደ አውስትራሊያ ልካለች፤ ማግዊች ከእነሱ አንዱ ነው። እዚያ በግ አርብቶ ሀብታም ሆነ። ሳንቲሟን ሁሉ የላከው ለዚያ ምግብ ላመጣለት ልጅ ነው። አንተ ለስላሳ ኑሮ እንድትኖር እኔ በሻካራው ኖርኩ ይለዋል። አረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች ወንድሟን የምታስተምር እህት ያለው ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ትንሽ ቆም ማለቱ አይቀርም።

ማግዊች የፒፕን ሁለት እጆች ይዞ ይስማቸዋል። የፒፕ ደም ይቀዘቅዛል። እባብ የነካው ያህል ይሸማቀቃል። ጣቱ ላይ ያለው ቀለበት፣ ሸሚዙ፣ መጽሐፎቹ፣ የለሰለሰው እጁ ራሱ የተገዛው በዚህ ሰው ጉልበት ነው። የልቡን ሕልም ሁሉ የሠራው በሚስ ሃቪሻም ላይ ነበር። ለእሷ ሲል ጆን ትቷል። ለካ ትቶት የሄደው ለማንም አልነበረም።

ዲክንስ እዚህ ላይ አያቆምም። ጃገርስን አስታውሱ፤ ጠበቃውን። ደንበኛ በሄደ ቁጥር እጁን ሽታ ባለው ሳሙና ይታጠባል፤ ቢሮው ውስጥ ጲላጦስ የሆነ ሰው ነው። ቤቱ ሞሊ የምትባል ሠራተኛ አለችው። አንድ ቀን እራት ላይ እጇን ጨብጦ ይዞ አንጓዋን ለእንግዶች ያሳያል። አንደኛው አንጓ ክፉኛ ጠባሳ አለበት። ከወንድም ከሴትም እንዲህ ጠንካራ እጅ አላየሁም ይላል። ሌላ ሴት አንቃ ገድላለች ተብላ ተከስሳ እሱ ነው ያስፈታት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ፒፕ እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጦ የሞሊን ጣቶች ያያል። ሹራብ እንደሚሠራ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። እነዚህን ጣቶች የት ነው ያየኋቸው? ከጥቂት ጊዜ በፊት ኤስቴላ ፊቱ ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ ነበር። ያቺ በሻካራ እጁ የሳቀችበት ልጅ እናቷ ይህች ሠራተኛ ናት። አባቷ ደግሞ ማግዊች። ጃገርስ ነው ሕፃኗን ወስዶ ለሚስ ሃቪሻም የሰጠ። አንዳንድ ሰው ይህ በጣም የተገጣጠመ ነው ይላል። ይሁን፣ ተገጣጥሟል። እኔ ግን ምስጢሩን በወረቀት ወይም በምስክር አለማስፈታቱ ደስ ይለኛል። በጣት ነው ያስፈታው።

የፒፕ እጅ ደግሞ ይቃጠላል። ሚስ ሃቪሻም ልብሷ እሳት ሲይዝ፣ በስብሶ የኖረውን የሠርግ ማዕድ ጨርቁን ጎትቶ ጥሎ በጨርቁ እሳቱን ሲያፍን ሁለቱም እጆቹ ይጎዳሉ። በፋሻ ተጠቅልለው ሲያያቸው፣ ያ የኖረባቸው እፍረት የለም። ልብ አድርጉ፣ ዲክንስ ስለዚህ አይሰብክም።

ማግዊችን ከአገር ሊያሸሹት ሲሉ ወንዙ ላይ ይያዛል። ክፉኛ ቆስሏል። ከግዞት የተመለሰ ሰው ቅጣቱ ሞት ነው። ፍርዱ የሚነበበው ለ32 ወንዶችና ሴቶች በአንድ ላይ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ የዝናብ ጠብታዎች መሃል ገብታ በዳኛውና በተፈረደባቸው መካከል የብርሃን መንገድ ትሠራለች። ፒፕ የት ነው? ከተከሳሾቹ መቆሚያ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ የማግዊችን እጅ ይዞ። የቤቱን በር ዘግቶ እንኳ ሊነካው የቀፈፈውን እጅ።

ማግዊች የሚሞተው እስር ቤት ውስጥ ነው፤ ስቅላቱን ሳይጠብቅ። ፒፕ በጆሮው ይነግረዋል፦ ሞታለች ያልካት ልጅህ አለች፣ የተከበረች ሴት ናት፣ እኔም እወዳታለሁ። ማግዊች የፒፕን እጅ ወደ ከንፈሩ ሊያነሳ ይሞክራል። ጉልበቱ አልበቃውም። ፒፕ ራሱ አግዞ ያነሳለታል። ማግዊች ይስመውና ደረቱ ላይ ያሳርፈዋል። አንድ ዓይነት መሳም ነው፤ አንዴ በደረጃው ሌሊት፣ አንዴ እዚህ። በመጀመሪያው ፒፕ እየተሸማቀቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፒፕ ታምሞ ይወድቃል። ሀብቱ በመንግሥት ተወርሷል፤ ዕዳ አለበት። ከትኩሳቱ ሲነቃ አልጋው አጠገብ ጆ ነው። ጆ በዚህ መሃል መጻፍ ተምሯል፤ ቢዲ የምትባል የመንደሩ ልጅ አስተምራዋለች። ደብዳቤ ሊጽፍ ሲቀመጥ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ብዕሩን እንደ ትልቅ የብረት መሣሪያ ይጨብጣል፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አጥብቆ ይተክላል። የፒፕ መዳን ጥሩ ነበር፤ ግን እየዳነ ሲሄድ አንድ ነገር ያስተውላል። ታምሞ ሳለ «ፒፕ፣ ወዳጄ» ይለው የነበረው ጆ፣ በእግሩ መራመድ ሲጀምር እንደገና «ሰር» አለ። አንቱ ተመለሰች።

አንድ ጠዋት ጆ የለም። ሁለት ወረቀት ትቷል። አንደኛው አሁን ድነሃልና ያለ ጆ ይሻልሃል የሚል አጭር ደብዳቤ። ሁለተኛው ደረሰኝ ነው፦ 123 ፓውንድ ከ15 ሺልንግ ከ6 ፔንስ። ፒፕ ሊታሰርበት የነበረው ዕዳ፤ የጌጣጌጥ ሱቅ ዕዳ ሳይሆን አይቀርም። ብረት ቀጥቃጩ የወርቁን ሒሳብ ከፈለ።

ፒፕ በኋላ ካይሮ ሄዶ በጸሐፊነት ይቀጠራል፤ ሠርቶ መብላት ይለምዳል። ጆ ቢዲን አግብቷል፤ ልጃቸውንም ፒፕ ብለውታል።

ስለ መጨረሻው ክርክር አለ። አሁን በየመጽሐፉ የምናነበው መጨረሻ ፒፕና ኤስቴላ በፈረሰው የሚስ ሃቪሻም ግቢ ተገናኝተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ ነው። ዲክንስ መጀመሪያ የጻፈው ግን ይህ አይደለም። ደራሲው ኤድዋርድ ቡልወር ሊተን ረቂቁን አይቶ ቀይረው ስላለው ነው የቀየረው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አጭር ነው። ፒፕ ለንደን ውስጥ ፒካዲሊ መንገድ ላይ ትንሹን ፒፕ ይዞ ሲሄድ አንድ አሽከር ከኋላው ሮጦ ይደርስበታል፤ አንዲት እመቤት ከሠረገላ ሆና ትፈልግዎታለች ይለዋል። ኤስቴላ ናት። በክፉ ባል ተሰቃይታ፣ እሱ ሞቶ፣ ሌላ አግብታለች። ልጁን የፒፕ ልጅ መስሏታል፤ እሱም አያርማትም። የምትለው ይህን ነው፦ በጣም ተለውጫለሁ፣ አውቃለሁ፤ ግን ኤስቴላንም ልትጨብጣት የምትወድ መሰለኝ።

እጇን የዘረጋችው እሷ ናት።